ፈለቀ የሰጠው ካፖርት

ሰኔ 24 ቀን 1960 ዓ.ም.

ይህን ደብተር የገዛሁት መምሬ ጽጌ ስላዘዙኝ ነው። ዛሬ ተክለ ሃይማኖትን ተሳልሜ ስወጣ የንስሐ አባቴን አገኘኋቸውና የሰሞኑን ፍርሃቴን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። ሰምተው ሰምተው፣ «ልጄ ሸዋገነት፣ አንቺ ክፉ ክፉውን መልቀም ለምደሻል። ከዛሬ ጀምሮ በየዕለቱ ያየሽውን አንድ ደግ ነገር ጻፊ። ጌታ በደጅሽ ሲያልፍ የምታውቂው በዚያ ነው» አሉኝ። እኔ የጠበቅሁት ስግደት ነበር። በሰባት ወር ሆዴ ስግደት አለመታዘዜን አመስግኜ ወጣሁ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ደግ ነገር ይኸው። ያናደደኝም እሱው ነው። ባሌ ፈለቀ ዛሬ ከጎጃም ካሚዮኑን ይዞ ሲገባ ካፖርቱን አልለበሰም። ያን ካፖርት የማያውቅ የሰፈራችን የጎጃም በረንዳ ሰው የለም። ከጣሊያን ጊዜ የተረፈ አመድማ ካፖርት ነው፤ ርዝመቱ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። «ፈለቀ ቤቱን ለብሶ መጣ» እያሉ ይቀልዱበታል። ገበሩ ሲቀደድ ከቀይ አበባ ቀሚሴ ቆርጬ የጣፍኩለት እኔ ነኝ።

«ለጀማለዲን ሰጠሁት» አለኝ።

ጀማለዲን የአከራያችን የእትዬ ሀጅራ አንድ ልጅ ነው። ቅቤ ነጋዴ ስለሆነ ጎጃም የሚመላለሰው በፈለቀ ካሚዮን ነው። ደጀን ላይ ንዳድ ይዞት ሲንቀጠቀጥ፣ ፈለቀ ካፖርቱን አልብሶ ከሚያውቁት ሰው ቤት አስተኝቶት መጣ።

«ክረምቱ እየገባ? አንተስ ምን ልትለብስ ነው?» ብዬ ጮህኩበት።

«አንቺ አለሽልኝ አይደል?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ «ለእናቱ እንዳትነግሪያቸው። ንዳድ ያዘው ካልናቸው ዛሬውኑ ዓባይን በእግራቸው ይወርዳሉ። ደህና ነው፣ ቅቤ እየሰበሰበ ነው በያቸው» አለኝ። እሺ አልኩ።

ሁለት ያለው ለሌለው ያካፍል መባሉን አውቃለሁ። ፈለቀ ግን ሁለት የለውም።

ሐምሌ 2

ፈለቀ ሄደ። ጭነቱን አራግፎ፣ ጀማለዲንን ይዞ፣ ከፍልሰታ በፊት እመለሳለሁ ብሏል።

ባለፈው ስወልድ እሱ መንገድ ላይ ነበር። ሕፃኑ አባቱ ሳያየው ነው የተቀበረው። ዛሬ ጋቢና ውስጥ ሲገባ ያ ቀን ትዝ ብሎኝ እጁን ጨብጬ አልለቅም አልኩት። «ለመውለጃዬ በእግርህም ቢሆን ድረስልኝ» አልኩት።

«ዓባይን በእግሬ?»

«በእግርህ!»

ሳቀብኝ። ምነው አፌን በቆረጠው።

ደግ ነገር፦ እትዬ ሀጅራ ለልጃቸው በሶ ቋጥረው ላኩ። ለፈለቀም ሌላ ለብቻው ቋጠሩለት። የማን እንደሚበልጥ በእጄ መዘንኩ፤ እኩል ነው።

ሐምሌ 15

ዝናብ። ቅቤ ከሚሸጡት መሐል ቆሜ ሲያወሩ ሰማሁ። ጎጃም ውስጥ በአዲሱ የእርሻ ግብር ነገር ተኩስ አለ ይላሉ። አንዱ ደግሞ ከዓባይ ማዶ ናዳ ወርዶ መንገዱን ቆርጦታል አለ። ሲያዩኝ «ኧረ ወሬ ነው እትዬ፣ የስንቱን ይሰማሉ» አሉ።

ደግ ነገር፦ አንድ ተሸካሚ ጭቃው ላይ የራሱን ጆንያ አንጥፎ አሻገረኝ። ጆንያው ተበላሸ። ጌታም እግር ሲያጥብ እንደዚህ አጎንብሶ ነበር ብዬ አሰብኩ። ቤት ስገባ ግን ያሰብኩት ናዳውን ብቻ ነው።

ሐምሌ 25

ደብረ ሊባኖስ ደርሼ ተመለስኩ። እትዬ ሀጅራ «በዚህ ሆድሽ?» ብለው ሊመቱኝ ምንም አልቀራቸው። እኔ ግን ጻድቁን ልለምን ነው፤ ደግሞ መንገዱ የጎጃም መንገድ ስለሆነ የፈለቀን ወሬ አላጣም ብዬ ነው።

ስሄድ አውቶቡስ ውስጥ አንዲት የሰላሌ ሴት አጠገቤ ተቀመጠች። እሷ አማርኛ አታውቅም፤ እኔም ኦሮምኛ አላውቅም። ሆዴን አየችና ነጠላዋን አጣጥፋ ከወገቤ ኋላ ወሸቀችልኝ። መኪናው በዘለለ ቁጥር በእጇ ሆዴን ትይዝልኛለች፣ የራሷ ይመስል። ስትወርድ ነጠላዋን ልመልስላት ስል እጄን መታ አድርጋ ትታልኝ ሄደች። ብርድ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ደርሼ ስለ ባሌ ከመለመኔ በፊት ስለ እሷ ለመንኩ። ስሟን ስለማላውቅ «ያቺ ሴት» አልኩ። ጻድቁ ያውቋታል።

ስመለስ ከዋናው መንገድ ዳር ቆሜ መኪና ስጠብቅ የባህረዲን ካሚዮን ከጎሃ ጽዮን በኩል መጣ። ባህረዲን የፈለቀ ጓደኛ ነው፤ በአንድ መስመር ነው የሚነዱት። ሲያየኝ አቁሞ ለትንሽ ጊዜ አልወረደም። ከወረደ በኋላ ከወንበሩ ጀርባ አንድ ጥቅል አውጥቶ ከኋላ ሸራው ስር ከተተው። የራሱን ብርድ ልብስ አነጠፈልኝና ደግፎ አስቀመጠኝ። ይህ ሰው ወሬ ሲጀምር ፍሬን የለውም ይባላል። እስከ አዲስ አበባ ድረስ ግን፣ መንገዱ ሲያንገጫግጨን «ይቅርታ እህቴ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም። ሒሳብ ልስጥ ስለው ፊቱን አዞረ።

ፈለቀን አየኸው ወይ ብዬ ለመጠየቅ አፌን ስንቴ ከፈትኩ። መንገዱ እንዴት ነው ብቻ ነው ያልኩት። «ደህና ነው» አለ።

ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ በመንገድ ዳር የወደቀውን አንስቶ በራሱ አህያ ላይ የጫነው ሳምራዊ። ባህረዲን እስላም ነው፤ ሳምራዊውም የሌላ ወገን ነበር። ሌላ ነገር የለበትም። ደክሞታል፣ ዝም ያለው ለዚያ ነው።

ሐምሌ 27

እትዬ ሀጅራ ጠዋት ትኩስ ወተት አመጡልኝ። ማታም አመጡልኝ። ዓይኔን አላዩኝም።

ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። ፈለቀ አልመጣም።

ነሐሴ 4

እስከ ዛሬ በጎጃም በረንዳ ሳልፍ ሰዉ የሚሰጠኝ ሰላምታ «ፈለቀ ገባ?» የሚል ነበር። ባለ ሱቁም፣ ጫኙም፣ ወፍጮ ቤቱም። ይሰለቸኝ ነበር። ሰሞኑን ማንም አይጠይቀኝም። ዛሬ ሆን ብዬ በቀስታ አለፍኩ። ጨው ሻጩ ቡርሃን ከወንበሩ ተነስቶ «ይቀመጡ እትዬ» አለኝ። እሱ ለአባቱም የሚነሳ ሰው አይደለም።

ደግ ነገር፦ ቡርሃን ወንበሩን ለቀቀልኝ።

ነሐሴ 9፣ ማታ

የእኛና የእትዬ ሀጅራ ቤት የሚለየው አንድ የጣውላ ግድግዳ ነው። ልተኛ ስል ድምፃቸውን ሰማሁ። «እስክትወልድ ነው ያልነው። ከዚያ በፊት አንድ ሰው አፉን ቢከፍት ጠቡ ከኔ ጋር ነው» ይላሉ። የሚመልስላቸው ወንድ ነው፤ የባህረዲን ድምፅ መሰለኝ። እትዬ ሀጅራ የምትወልድ ላም አለቻቸው። ስለ ላሟ ይሆናል።

አሁን ደግሞ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ያለ ነገሩ የጭድ ተራዋ ጀሚላ ትዝ አለችኝ። ዓምና እሷ ስታረግዝ ባሏ አዋሽ ላይ ሞተ። መርዶውን እስክትወልድ ደበቅናት። ነፍሰ ጡር ሴት መርዶ ከሰማች ሆዷም እሷም ይሄዳሉ ይባላል። ጥቁር የለበሰ በበሯ እንዳያልፍ አደረግን። ወተት ወሰድንላት፤ ቤቷን ጠረግንላት። ባልሽ መጣ ወይ ብሎ የሚጠይቃት ሰው ጠፋ፤ መዋሸት ስለሚከብድ ሰው መጠየቅ ይተዋል። እኔም በየቀኑ ቂጣ ይዤ እሄድ ነበር። ዓይኗን አላየኋትም።

የኔ ነገር ግን የተለየ ነው። እኔን የሚወዱኝ ድሮም ነው። እትዬ ሀጅራ ድሮም ደግ ናቸው። ድሮም ወተት ያመጡልኝ ነበር።

አያመጡም ነበር።

በእግርህም ቢሆን ድረስልኝ አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት።

ነሐሴ 10

ትናንት የጻፍኩት የእርጉዝ ሴት ቅዠት ነው። ደግ ነገር፦ ብዙ። ከመብዛቱ የተነሳ ይከብደኛል።

ነሐሴ 17

ምጥ መሰለኝ። አልነበረም። እትዬ ሀጅራ ሌሊቱን ሙሉ እግሬን ሲያሹ አደሩ።

ዛሬ እጠይቃቸዋለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። ከጠየቅሁ ይነግሩኛል። ስለዚህ የጠየቅኋቸው ስለ ዝናቡ ነው።

ነሐሴ 24

መምሬ ጽጌ ቤቴ መጥተው ጸሎት አደረሱልኝ። ሁልጊዜ ሲጨርሱ በስም ያነሱናል፤ «ፈለቀንና ሸዋገነትን ጠብቅ» ይላሉ። ዛሬ በክርስትና ስሜ ብቻ «ወለተ ማርያምን በማኅፀኗም ያለውን ጠብቅ» ብለው ትንሽ ቆሙ። ከዚያ መስቀላቸውን አሳልመውኝ ወጡ።

እሳቸው ውሸት አይችሉም።

ደግ ነገር፦ ሊጠይቁኝ መጡ።

ጳጉሜ 3

ትናንት ተገላገልኩ። ሴት ናት። ትጮኻለች፣ ትጠባለች፣ በሕይወት አለች።

ምጡ ሲጠናብኝ እትዬ ሀጅራ ከጀርባዬ አቅፈውኝ፣ «በያ ማርያም! አንቺም ወልደሻል፣ ይቺንም ማሪያት!» እያሉ ይማጸኑልኝ ነበር። እስላም ሴት ለኔ ብለው ማርያምን ጠሩልኝ። ሕፃኗን ተቀብለው ሲያዩአት ግን እልልታቸው ከመሐል ተሰብሮ አለቀሱ። «በደስታ ነው» አሉኝ። «አባቷን መሰለች።»

ዶሮው እንዳይቀርብኝ ብለው ክርስቲያን ፈልገው አሳረዱልኝ። ለብቻ ድስት ገዝተው ሠሩልኝ። እሳቸው ግን አይቀምሱትም፤ ጨው መብቃቱን እኔን ነው የሚጠይቁኝ።

አሁን ወልጃለሁ። የሚጠብቁት ይህን ነበር። በር በተንኳኳ ቁጥር ልጄን አንስቼ አቅፋታለሁ።

መስከረም 4 ቀን 1961

እንዴት ብዬ ልጻፈው።

ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ዝናብ ወረደ። እትዬ ሀጅራ ገበያ ነበሩ። በግድግዳው በኩል ውኃ ሲንጠባጠብ ሰማሁ፤ ጣሪያቸው ያፈሳል። አራስ ከቤት አትወጣም ይላሉ፤ በረንዳው ግን አንድ ነው። ልጄን አስተኝቼ ሳጥናቸውን ልገፋላቸው ገባሁ። ሳጥኑ ላይ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ነበር። ሳነሳው ተፈታ።

ካፖርቱ ነው። ታጥቧል። ቀይ አበባው ገበሩ ላይ አለ፤ የኔ ስፌት ነው፤ ጠማማውን አውቀዋለሁ።

መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። ሞቷል፣ አልኩ። ያውቃሉ። ሁሉም ያውቃሉ። ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላውቅም። እጄን እጅጌው ውስጥ አስገብቼ የፈለቀን ክንድ እፈልጋለሁ።

ከዚያ ነው ትዝ ያለኝ። ፈለቀ ይህን ካፖርት ሰጥቶታል።

ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ካፖርቱን አቅፌ ሳቅሁ፤ ከልቤ ሳቅሁ። «እሱ አይደለም፣ እሱ አይደለም» አልኩ። ከዚያ ዓይኔን ሳነሳ የማን ቤት ውስጥ እንደተቀመጥኩ አየሁ። የጀማለዲን መስገጃ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

እንደነበረው ጠቅልዬ መለስኩት።

መስከረም 6

ባህረዲን ለአራስ ጥየቃ ስኳር ይዞ መጣ። እትዬ ሀጅራ ላሟን ሊያልቡ እስኪወጡ ጠበቅሁና፣ «የቀበራችሁት ሰው አንገቱ ላይ ማተብ ነበረው?» አልኩት።

ስኳሩን ጣለው። «ማን ነገረሽ?»

«ማተብ ነበረው ወይ?»

«አልነበረም፣ እህቴ። ውኃ ወስዶት ነው አልን።»

ሁሉን ነገረኝ። ከጎሃ ጽዮን በታች ከጠመዝማዛው ስር አንድ ሰው ገደል ገብቶ ተገኘ። ጎርፉ ፊቱን አጥፍቶታል። ባህረዲን ሲደርስ ካፖርቱን አየ። ፈለቀ መንገዱ ሲቆረጥበት ካሚዮኑን ማዶ ትቶ፣ ሚስቱ ልትወልድበት ስለሆነ በእግሩ ተነሳ አሉ። የአካባቢው ደብር ቀሳውስት ፈትተው ቀበሩት። ባህረዲን ካፖርቱን ይዞ መጥቶ ለእትዬ ሀጅራ አስረከበ፤ መርዶውን የማደራጀቱ ነገር የቤቱ ታላቅ ድርሻ ነውና።

«ካፖርቱን እኮ ሰኔ ላይ ለጀማለዲን ሰጥቶታል» አልኩት።

ባህረዲን እጁን ራሱ ላይ ጫነ።  «ጫኙን ጠየቅን፣ ሾፌሩን ጠየቅን፣ ባለ ሱቁን ጠየቅን። ሁሉም የፈለቀ ነው አለን» አለ። «አንቺን ብቻ አልጠየቅንም።»

እኔም ለእትዬ ሀጅራ አልነገርኳቸውም ነበር። ልጅዎ ንዳድ ይዞታል፣ ካፖርት ለብሷል ብል ኖሮ ሳጥናቸው ላይ ያለውን ያውቁት ነበር። ሁላችንም በደግነት ዝም አልን።

ባህረዲን መንገዱ ሲከፈት ደጀን ሄዶ እስኪያጣራ፣ የእትዬ ሀጅራ የወሎ ዘመዶችም እስኪጠሩ ድረስ አፍሽን ያዢ፤ ያንቺንም መርዶ ጉልበትሽ እስኪጠና ብዬ አስቆየዋለሁ አለኝ። ያዝኩ። ፈለቀም ቢሆን አለ የሚል ወሬ የለም። ምናልባት ሁለቱም። ይህንን መጻፍ አልፈልግም።

መስከረም 10

ገንፎውን በማንኪያ እያገላበጥኩ አቆየዋለሁ። እትዬ ሀጅራ «ብዪ፣ ብዪ እንጂ» ይሉኛል፤ እኔን እንደ መበለት እያዩ ያዝኑልኛል፣ እኔም እሳቸውን አያለሁ። አንዱን ማንኪያ ሁለታችንም በእንባ እያየነው እንዋሻለን።

«ጀማለዲን ሲመጣ ይህን ጣሪያ ያሠራልኛል» አሉ ዛሬ። «ዘንድሮ ደግሞ እድረዋለሁ፤ በቃ፣ እምቢታውን አልሰማም።»

«እሰይ» አልኩ። ዓይናቸውን አላየኋቸውም።

መምሬ ሆይ፣ ደግነት ለሚቀበለው ብቻ የሚከብድ መስሎኝ ነበር።

መስከረም 13

እትዬ ሀጅራ ልጄን እያጠቡልኝ ሳሉ በድንገት፣ «ሸዋዬ፣ ድሮ ‹ጀማለዲን መቼ ይመጣል› እያልሽ ትነዘንዢኝ ነበር። መጠየቅ ተውሽ እኮ» አሉኝ።

«ልጅቷ ሁሉን አስረሳችኝ» አልኩ።

ውኃውን በእጃቸው እየቀዱ ቀስ አድርገው አፈሰሱባት። 

መስከረም 18

ፈለቀ መጣ።

እንደሆነው ልጻፈው።

ፀሐይ ነበረች። እትዬ ሀጅራ ግቢው ውስጥ በርበሬ ያሰጣሉ። እኔ ልጄን እያጠባሁ በመስኮት አየሁት፤ በሩን ከፍቶ ገባ። ከስቷል፤ ጢሙ አድጓል። እልል ልል አፌን ከፍቼ በእጄ ከደንኩት። የኔ እልልታ ለእሳቸው መርዶ ነው።

እልል ያሉት እሳቸው ናቸው። ሰፌዱን ወርውረው በርበሬውን እየረገጡ ሮጡና አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ። «አልሐምዱሊላህ! ሸዋዬ፣ ውጪ! ሞተ ያልነው መጣልሽ! ውጪ ልጄ!» ጎረቤቱ ወጣ። እልልታው ከግቢያችን አልፎ እስከ መንገዱ ተቀጣጠለ።

ፈለቀ ግራ ገብቶት ይስቃል። በትከሻቸው ላይ አሻግሮ ግቢውን ቃኘና፣ «ጀማለዲንስ?» አለ። «ካፖርቴን ለብሶ ቀድሞኝ ነው እኮ የተነሳው። እኔ መንገዱ እስኪከፈት የሰው ዕቃ ጥዬ መምጣት አቃተኝ። ‹ሸዋገነት ትፈራለች፤ እኔ በእግሬ ሄጄ ደህና ነው ልበላት› ብሎኝ ወጣ። አልደረሰም እንዴ?»

ከግቢው ውጭ ያሉት አልሰሙም፤ እልል ማለታቸውን አልተዉም።

እትዬ ሀጅራ እጃቸውን ከፈለቀ አንገት ላይ አወረዱ። ዞረው በመስኮቱ በኩል አዩኝ። ከሐምሌ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያየን።

«መጠየቅ የተውሽው ለዚህ ነው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«በአራስነትሽ?» አሉ። ድምፃቸው እንደ ቁጣ ነበር። «ይህን ብቻሽን ተሸክመሽ? ወተትሽ ቢደርቅስ ኖሮ?»

ከዚያ በርበሬው መሐል ተቀመጡ።

መስከረም 19

ቤታቸው በለቀስተኛ ሞልቷል። ሼኹ ጎሃ ጽዮን ሄደው መቃብሩ ላይ ዱዓ ሊያደርጉ ነው። መምሬ ጽጌ አብሬ ሄጄ ከደብሩ ጋር እነጋገራለሁ ብለዋል።  ፈለቀ ካፖርቱን መልሰው ቢሰጡት አልቀበልም ብሏል።

የታዘዝኩትን አልረሳሁም። ደግ ነገር፦ ጀማለዲን ደህና ነው ሊለኝ እየመጣ ነበር። እንደምፈራ ያውቅ ነበር።

በግድግዳው በኩል ድምፃቸው ይሰማኛል። አራስ ለቅሶ ቤት አትገባም ይላሉ። ልጄን ታቅፌ ልገባ ነው።